ጆሮ ለብረት

የፈተናው ጥያቄ አንድ መስመር ነበር፤
«ደግና ክፉውን ለይቶ ለመኖር
የሥነ ምግባር ንድፈ ሐሳብ ምን ይረባል?
በምሳሌ አስረዱ። ዐሥር ማርክ ይይዛል።»

ሦስቱን ስሞች ይዤ፣ ደብተሬን አቅፌ፣
የከዚራን ጥላ በሙቀት አልፌ
ጋሽ በድሪ ዘንድ ሄድኩ፤ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣
ቡገንቪላ ካጥሩ ከሚያፈስ አበባ።

ሠላሳ አንድ ዓመት በምድር ባቡር ቤት
ሥራው መዶሻ ይዞ መስማት ነበር ብረት።
ጎንበስ ብሎ ከሥር መንኮራኩር ሲመታ
ጤነኛው ይዘምራል፣ ይሰማል ከሩቅ ቦታ፤
የተሰነጠቀው ግን «ጠፍ» ይላል፣ ይሞታል፣
እንደ ታመመ ሰው ቃሉን ይውጠዋል።

«እህ፣ ምን አመጣሽ?» አለኝ ሽርጡን እየሰበሰበ።
አነበብኩለት፤
ውጤት የሚለውን፣ ግዴታ የሚለውን፣ ጠባይ የሚለውን።
ከጫቱ ቀንበጥ እየለየ ብዙ ዝም አለ።
ከዚያ የነገረኝ ይሄ ነው፦

«አንድ ሌሊት፣ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣው ባቡር
ሊነሣ ሩብ ሰዓት ሲቀረው፣
አራተኛው ፉርጎ ‹ጠፍ› አለኝ።
ደገምኩት። ‹ጠፍ›።
ሼፉ ‹ተወው፣ አዋሽ ላይ ያዩታል› አለ።
እኔ ጠመኔ አወጣሁና ጎኑ ላይ መስቀለኛ አደረግሁበት።
ጠመኔ የነካው ፉርጎ አይንቀሳቀስም፤ ሕጉ ነው።
አምስት ሰዓት ሙሉ ቆመ።

ሦስተኛ ማዕረግ ውስጥ ዘይቱና ነበረች፣
የደቻቱ ማዶ ጎረቤቴ፣
ልጇን ሚፍታህን ለሐኪም ይዛ።
ጎህ ሲቀድ ፉርጎው ተቀየረ፣ ባቡሩ ጮኸ፣ ሄደ።
ልጁ ኤረር ሳይደርስ ዐረፈ።

ያን መንኮራኩር ወርክሾፕ ወስደው መረመሩት፤
ጸጉር የምታህል ስንጥቅ አገኙበት።
አዋሽ ድልድይ ላይ ይሰበር ነበር?
ወይስ ዐሥር ዓመት ይሄድ ነበር?
ማን ያውቃል።»

እስክሪብቶዬን አወጣሁ።
ሁለት መቶ መንገደኛ ባንድ በኩል፣ አንድ ልጅ ባንድ በኩል።
«በውጤት ቢታይ...» አልኩ።
«ቢታይ?»
«ልክ ነህ። በግዴታም ልክ ነህ፤ የሰማኸውን አልካድክም።»
«ሦስተኛውስ?»
«ሦስተኛው የሚጠይቀው፣
ከዚያ ወዲያ ምን ዓይነት ሰው ሆንክ ነው።»

እጁን አየ። መዳፉን ገለበጠ።
«ከዚያ ወዲያ በዘይቱና በር አልፌ አላውቅም።
ስንት ዓመት በታችኛው መንገድ ዞርኩ።
ልክ የሠራ ሰው ለምን ይዞራል፣ ልጄ?
መጽሐፍሽ ይሄን የት ገጽ ላይ ጻፈው?»

ደብተሬ ውስጥ ያለው ያ ሁሉ ትምህርት
ሚፍታህን አያስነሣ፣ አይሽር ያን ሌሊት።
ዳኛ መስሎኝ ነበር፣ የሚፈርድ ከወንበር፣
«ልክ ነህ» ብሎ ዘግቶ መዝገቡን የሚያስር።
ለካስ መዶሻ ነው፤ መንኮራኩር አይሠራ፣
ባቡር አያስነሣ፣ ሐዲድም አይመራ፤
ሰው ሁሉ የሚያልፈውን፣ «ጤና ነው» ያለውን
መትቶ ይሰማል እንጂ ውስጡ የጎደለውን።
ባንዱ ሲመታ ዘምሮ፣ በሌላው ዝም ካለ፣
እዚያው ላይ አጎንብሺ፤ አንድ ነገር አለ።

ይህንኑ ጻፍኩ። ስድስት ከዐሥር አገኘሁ።
በቀይ እስክሪብቶ፣ «ምሳሌው በዛ፣ ፍቺው አነሰ» ይላል።
ለጋሽ በድሪ አሳየሁት። መነጽሩን አጠለቀ፣
ወረቀቱን በጥፍሩ ጠቅ አደረገው፣
ጆሮውን አስጠጋ፤
«ስድስቱ ደህና ነው» አለ፣
«አራቱን ደግሞ ነገ እናዳምጠዋለን።»

ማታ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣
በላይኛው መንገድ ሲሄድ አየሁት፣
በከዘራው የየቤቱን አጥር መታ መታ እያደረገ።
አንድ ሰማያዊ በር ጋ ሲደርስ ቆመ።
አላንኳኳም።
ግን ቆመ።